ቢጫው መብራት ሲበራ
የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ትርጉምና የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

መግቢያ

በሐዋሳ ከተማ ፒያሳ፣ በቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ፣ ረፋድ ላይ ቆሞ ለሚመለከት ሰው ከሲዳማ ደጋዎች የሚወርዱትን ተሽከርካሪዎች ማየት የተለመደ ነው። ሲሚንቶና ቆርቆሮ ሊጭኑ፣ ጧፍና ዕጣን ሊገዙ፣ ታማሚ ወደ ሆስፒታል ሊያደርሱ፣ ካህናትን ለስብሰባ ሊያመጡ የሚወርዱ ናቸው። ከእነዚህ መካከል የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ንብረት የሆኑ አሉ።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነንም እንዲህ ያለ አንድ ተሽከርካሪ ነው። በቤንዚን የሚሠራ፣ ዕድሜው የገፋ ሚኒባስ ሲሆን ንብረትነቱ የአንዲት የደጋ አጥቢያ ነው። ፒያሳ ላይ ቆሞ ሳለ ወደ ውስጥ ስንመለከት ከመሪው ኋላ ባለው ዳሽቦርድ ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፋ አየን። ምን እንደሆነች ብንጠይቅ ነጂው አንገቱን ደፋ። አብረውት የነበሩት የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር፣ አረጋዊ ካህን፣ «ከፍልሰታ ጾም ጀምሮ አንዲት ቢጫ መብራት አልጠፋ ብላ ዓይናችንን አወከችው፤ መኪናው ግን ይሄዳል» ብለው መለሱልን። ነጂው በበኩሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አባታችን፣ እኔማ ሦስት ጊዜ ተናግሬ ነበር» አለ። እርሳቸውም አልካዱም፤ «ልጄ፣ ገንዘብ ፈልገህ መስሎን ነው» አሉት።

ያ ሚኒባስ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዳገት ላይ ጉልበቱ አልቆ ቆመ። በመጀመሪያ የጎደለው አንድ ቦቢናና አንድ ካንዴላ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ከማርሚታው በፊት ያለው ውድ ዕቃ ቀልጦ ተደፈነ። የጥገናው ወጪ በብዙ እጥፍ አደገ። ተሽከርካሪው ከአንድ ወር በላይ በጋራዥ ቆመ። በዚያው ወር በአጥቢያዪቱ ሌሊት ምጥ የያዛትን አንዲት እናት ወደ ጤና ጣቢያ ያደረሳት የጎረቤት ባጃጅ ነበር። እናቲቱም ሕፃኑም በሰላም ናቸው። ጉባኤው ግን ያቺን ሌሊት አልረሳትም።

ይህ ትምህርት ሰበካ ጉባኤያትንና ካህናትን መካኒክ ለማድረግ የተዘጋጀ አይደለም። መብራቲቱ ምን እንደምትል፣ ምን እንደማትል፣ ስትበራ ማን ምን ማድረግ እንደሚገባው ለማስገንዘብ ነው።

መብራቲቱ ከወዴት መጣች?

ብዙ ሰው ይህች ቢጫ መብራት የተሠራችው ሞተሩን ለመጠበቅ ብቻ ይመስለዋል። የመጀመሪያ ዓላማዋ ግን የአየርን ንጽሕና መጠበቅ ነበር። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ በተለይም የሎስ አንጀለስ ከተማ፣ በተሽከርካሪ ጭስ እጅግ ትታወክ ነበር። ስለዚህ ግዛቲቱ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠሩ አዳዲስ መኪኖች የራሳቸውን ሞተር የሚመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ለነጂው የሚያሳውቅ መሣሪያ እንዲኖራቸው ደነገገች። ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ደግሞ በመላው አሜሪካ አንድ ወጥ ሥርዓት ግዴታ ሆነ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2001 እ.ኤ.አ. ለአዳዲስ የቤንዚን መኪኖች፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ለናፍጣ መኪኖች ተመሳሳይ ግዴታ አወጣ። ወደ አገራችን የሚገቡት አብዛኞቹ ዘመናዊ መኪኖች ይህንኑ ሥርዓት ይዘው ይመጣሉ።

ስለዚህ መብራቲቱ ስትበራ ሁለት ነገር ታመለክታለች። ሞተሩ እንደሚገባው እያቃጠለ ላይሆን ይችላል፤ በዚህም ምክንያት የሚወጣው ጭስ ከወትሮው የከፋ ሊሆን ይችላል። የቤተ ክርስቲያን ደን ለሚጠብቅ አጥቢያ ሁለተኛውም ጉዳይ ባዕድ አይደለም።

ሞተሩ እንዴት ራሱን ይመረምራል?

ሞተር አየርንና ነዳጅን አዋሕዶ ያቃጥላል። 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። አየሩ ቢያንስ ነዳጁ ሳይቃጠል ይወጣል፤ አየሩ ቢበዛ ደግሞ ቃጠሎው ይደክማል፣ ሞተሩም ይንገዳገዳል። ይህን ሚዛን የሚጠብቀው በመኪናው ውስጥ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። እርሱም በልዩ ልዩ ቦታ በተተከሉ ሴንሰሮች አማካይነት የሚገባውን አየር መጠን፣ የሞተሩን ሙቀት፣ የሞተሩን ዙር፣ በሚወጣው ጭስ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ያለማቋረጥ ይለካል።

ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ልኬት ወሰን አለው። ልኬቱ ከወሰኑ ሲያልፍ ጉድለቱን በቁጥር ይመዘግባል። ብዙዎቹን ጉድለቶች በአንድ ጉዞ ብቻ አይቶ አይፈርድም፤ በሁለት ተከታታይ ጉዞዎች ሲያያቸው መብራቲቱን ያበራል። ከዚያ በኋላ ጉድለቱ ለሦስት ተከታታይ ጉዞዎች ካልታየ መብራቲቱን ሊያጠፋት ይችላል፤ መዝገቡ ግን ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። እንግዲህ መብራቲቱ «በራሷ ጠፋች» ማለት ጉድለቱ ተፈወሰ ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ የአጥቢያን ደወል እናስብ። ደወል ያለ ሰዓቱ ቢደወል ሕዝቡ አንድ ነገር እንደ ደረሰ ያውቃል፤ እሳት ይሁን፣ ሞት ይሁን፣ ሌባ ይሁን ግን ደወሉ አይነግረውም። ወጥቶ መጠየቅ አለበት። ደወሉን በጨርቅ መጠቅለል እሳቱን እንደማያጠፋው ሁሉ፣ በመብራቲቱ ላይ ፕላስተር መለጠፍም ጉድለቱን አያስወግደውም።

ቀይና ቢጫ፤ የበራና የሚብለጨለጭ

ሁሉም መብራት አንድ አይደለም። ነጂም ሆነ የጉባኤ አባል የሚከተሉትን አራት ሁኔታዎች ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

1. ቀይ የዘይት መብራት፦ የሞተሩ ዘይት ግፊት ወድቋል ማለት ነው። በአስተማማኝ ቦታ ወዲያውኑ ቆሞ ሞተሩን ማጥፋት ያስፈልጋል። ያለ ዘይት ግፊት ጥቂት ደቂቃ መጓዝ ሞተርን ያወድማል።

2. ቀይ የሙቀት መብራት ወይም ወደ ቀይ የወጣ የሙቀት መለኪያ፦ ቆሞ ሞተሩን ማጥፋት፣ እስኪቀዘቅዝም መታገሥ ያስፈልጋል። የራዲያተር ክዳን በሙቀቱ ሳለ ከተከፈተ የሚፈላው ውኃ ፊትንና እጅን ያቃጥላል። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ክብረ በዓላት ፒያሳ በሕዝብና በመኪና ተጨናንቆ ተሽከርካሪ እርምጃ በእርምጃ ሲጓዝ፣ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ስለማይኖር ሸክሙ ሁሉ በማራገቢያው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ማራገቢያውን መመርመር ከበዓሉ በፊት ነው።

3. ቢጫ የሞተር መብራት ሳይብለጨለጭ ሲበራ፦ መኪናው ካልተንገዳገደ፣ ጉልበቱ ካልቀነሰ፣ እንግዳ ድምፅና ሽታ ከሌለው በዝግታና ያለ ከባድ ጭነት ወደ ጋራዥ መድረስ ይቻላል። «ይቻላል» ማለት ግን በዚያው ሳምንት ነው እንጂ በመጪው ጾም አይደለም።

4. ቢጫ የሞተር መብራት ሲብለጨለጭ፦ ይህ ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ነው። በቤንዚን መኪና ከሲሊንደሮቹ አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ቃጠሎ እየሳተ ነው፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ መውጫው እየወረደ ነው። በዚያ ያለው ካታሊስት የተባለው ጭስ አጣሪ ይህን ቤንዚን በውስጡ ሲያቃጥለው ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ ውስጡ ይቀልጣል፣ መተላለፊያውም ይደፈናል። በመግቢያችን የጠቀስነው ሚኒባስ የደረሰበት ይኸው ነው። መብራቲቱ መጀመሪያ ዝም ብላ በርታ ነበር፤ ዳገት ላይ መብለጭለጭ ስትጀምር ግን ከፕላስተሩ በታች ስለ ነበረች ያያት አልነበረም።

ቢጫዪቱን መብራት የሚያበሩ የተለመዱ ምክንያቶች

የመጀመሪያው የእሳት ጉድለት ነው። ያረጀ ካንዴላ፣ የደከመ ቦቢና ወይም የተበጠሰ ሽቦ ቃጠሎውን ያስተዋል። ምልክቱ መንቀጥቀጥ፣ ዳገት ላይ መድከምና የቤንዚን ሽታ ነው። በጊዜው ከተደረሰበት ከቀላሎቹ ጥገናዎች አንዱ ነው።

ሁለተኛው የአየር ጉድለት ነው። በኮረኮንች መንገድ የሚመላለስ መኪና ብዙ አቧራ ይስባል። የአየር ፊልትሮው ሲደፈን ወይም በአግባቡ ሳይገጠም ሲቀር አቧራው የአየር መለኪያውን ሴንሰር ይሸፍነዋል፤ ሴንሰሩም ለኮምፒውተሩ ሐሰተኛ ልክ ይነግረዋል። እንዲሁም የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ያልተለካ አየር ያስገባል።

ሦስተኛው የነዳጅ ጉድለት ነው። ውኃ ወይም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ነዳጅ፣ በጄሪካን ብዙ የቆየ ነዳጅ፣ ያልተለወጠ የነዳጅ ፊልትሮ፣ የቆሸሸ ኖዝል በዚህ ይመደባሉ። በናፍጣ መኪኖች ውኃ የተለየ ጠላት ነው፤ የነዳጁን ፓምፕና ኖዝሎቹን ይበላቸዋል። ስለዚህ ብዙ የናፍጣ መኪኖች ውኃ የሚጠራቀምበት ማጣሪያና የራሱ መብራት አላቸው።

አራተኛው የኦክስጅን ሴንሰር ማርጀት ነው። ይህ ሴንሰር በጭሱ መንገድ ላይ ተተክሎ የቃጠሎውን ውጤት ይለካል። ሲያረጅ ኮምፒውተሩ ከሚያስፈልገው በላይ ቤንዚን ሊረጭ ይችላል። መኪናው ያለ ችግር ሲሄድ የነዳጅ ወጪው ግን ከጨመረ ይህን መጠርጠር ይገባል።

አምስተኛው የሙቀት መቆጣጠሪያው፣ ማለት ቴርሞስታቱ ነው። አንዳንዴ መኪና እንዳይግል በሚል ቴርሞስታቱ ወጥቶ ይጣላል። ያን ጊዜ ሞተሩ ተገቢውን የሥራ ሙቀት ሳያገኝ ይቆያል፤ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይጨምራል፤ መብራቲቱም ልትበራ ትችላለች። ከመጠን ያለፈ ቅዝቃዜም ጉድለት ነው።

ስድስተኛው የኤሌክትሪክ ጉድለት ነው። የደከመ ባትሪ፣ የላላ ማሰሪያ፣ ቆሞ በከረመ መኪና ውስጥ አይጥ የበላው ሽቦ ደኅናውን ሴንሰር የታመመ ያስመስሉታል።

ሰባተኛው ቀላሉ ነው። በአንዳንድ የቤንዚን መኪኖች የነዳጅ ታንኩ ክዳን በሚገባ ካልተዘጋ ትነቱ ስለሚያመልጥ መብራቲቱ ትበራለች። ስለዚህ ነዳጅ ከተቀዳ በኋላ መብራቲቱ ከበራች መጀመሪያ ክዳኑን ማየት ነው። ክዳኑ ጠብቆ ከተዘጋ በኋላም መብራቲቱ ለመጥፋት ጥቂት ቀናት ልትወስድ ትችላለች።

ከፍታስ?

«ደጋ ስንወጣ የሚበራው አየሩ ስለሚሳሳ ነው» የሚል አሳብ ይሰማል። እውነት ነው፣ ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ በ1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ በሁላ በኩል ያሉት ደጋዎች ከ2,500 ሜትር በላይ ይደርሳሉ፤ አየሩም በዚያ ይሳሳል። ነገር ግን የዘመናዊ መኪና ኮምፒውተር የአየሩን መሳሳት ለክቶ ነዳጁን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጤነኛ ሞተር ዳገት ላይ ጉልበቱ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ስለ ከፍታው ብቻ መብራት አያበራም። ዳገት ላይ ብቻ የምትበራ መብራት የምትለው ሌላ ነው፤ በሜዳ ተደብቆ የነበረው ድካም ሸክም ሲበዛበት ተገለጠ ማለት ነው። የደከመ ቦቢናም ራሱን የሚገልጠው በዚህ ጊዜ ነው።

ሌላ ዓይነት መብራት

በብዙ አጥቢያዎችና ፕሮጀክቶች የሚታዩት የቆዩ ላንድክሩዘሮች በሜካኒካል የናፍጣ ፓምፕ የሚሠሩ በመሆናቸው ይህ የምርመራ ሥርዓት ላይኖራቸው ይችላል። ነገር ግን 1ኤች.ዜድ. የተባለው ሞተር ያላቸው ብዙዎቹ 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞሉ የምትበራ የቺንጋ መብራት አለቻቸው። ይህች መብራት የተበላሸ ነገር አግኝታ አይደለም፤ ርቀት ቆጥራ የሞተሩ ውስጣዊ ቺንጋ የሚለወጥበት ጊዜ መድረሱን ታስታውሳለች። ቺንጋው በጉዞ ላይ ቢበጠስ ቫልቮችና ፒስተኖች ሊጋጩ ስለሚችሉ ቸል የምትባል አይደለችም። ቺንጋው ሳይለወጥ ቆጣሪው ብቻ እንደ አዲስ ከተጀመረ ቀጣዩ ጉባኤ ሳያውቅ ዕዳ ተላለፈለት ማለት ነው።

ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው

መብራቲቱ ስትበራ ወደ ጋራዥ ሄዶ «በኮምፒውተር ማሳየት» ተገቢ ነው። ባለሙያው በነጂው በኩል ከዳሽቦርዱ በታች ባለው ባለ 16 እግር መሰኪያ ላይ መሣሪያውን ሰክቶ የተመዘገበውን ቁጥር ያነባል። ለምሳሌ ፒ 0301 ማለት አንደኛው ሲሊንደር ቃጠሎ እየሳተ ነው ማለት ነው። ፒ 0171 ማለት ደግሞ በሞተሩ ውስጥ ከነዳጁ ይልቅ አየሩ በዝቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚባክንበት ስሕተት አለ። ቁጥሩ ምልክትን እንጂ መንሥኤን አይናገርም። ፒ 0301 የተመዘገበበት መኪና ካንዴላው፣ ቦቢናው፣ ኖዝሉ፣ ሽቦው ወይም ቫልቩ ሊሆን ይችላል። ከሁለት ሲሊንደሮች ቦቢናዎቹን አቀያይሮ ቁጥሩ ከቦቢናው ጋር መዛወሩን ማየት ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ምርመራ ነው፤ ቁጥሩ ከተዛወረ ጥፋቱ የቦቢናው ነው። ይህ ሳይደረግ በግምት ዕቃ መለዋወጥ ግን የሙዳየ ምጽዋትን ገንዘብ በከንቱ ማፍሰስ ነው።

ሌላው ስሕተት ቁጥሩን ማጥፋትን እንደ ጥገና መቁጠር ነው። የባትሪ ማሰሪያ ነቅሎ መመለስ በብዙ መኪኖች መብራቲቱን ያጠፋታል። ነገር ግን ጉድለቱ በተፈጠረበት ጊዜ የነበረው ፍጥነት፣ ሙቀትና ዙር የተጻፈበትን መዝገብም አብሮ ይደመስሰዋል። ስለዚህ ቁጥሩ ሳይነበብና ሳይጻፍ አይጥፋ።

ሰበካ ጉባኤ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ነጂው የተናገረው ይጻፍ። በመኪናው ውስጥ አንድ ደብተር ይኑር፤ መብራት የበራበት ቀን፣ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር፣ የመንገዱ ሁኔታ ይመዝገብ፤ የንብረት ክፍሉ ኃላፊም በሳምንት አንድ ጊዜ አይቶ ይፈርምበት። በጽሑፍ የሰፈረ ቃል «ገንዘብ ፈልገህ ነው» ከሚል ጥርጣሬ ነጂውንም ጉባኤውንም ይጠብቃል።

ሁለተኛ፣ ቀይ መብራት ሲበራ ወይም ቢጫዪቱ ስትብለጨለጭ መኪናውን የማቆም ሥልጣን ለነጂው በቃለ ጉባኤ ይሰጠው። በመኪናው ውስጥ የተቀመጠው ማንም ይሁን ማን፣ «ትንሽ ነው የቀረን፣ ቀጥል» ብሎ ማዘዝ አይገባውም።

ሦስተኛ፣ ለጋራዥ ሦስት ጥያቄዎች ይቅረቡ። የተነበበው ቁጥር ስንት ነው? መንሥኤው በምን ምርመራ ተረጋገጠ? የተለወጠው አሮጌ ዕቃ የት አለ? መልሶቹ ከደረሰኙ ጋር ተያይዘው ይቀመጡ።

አራተኛ፣ በዓመታዊ በጀት ውስጥ ለተሽከርካሪ ጥገና ራሱን የቻለ መደብ ይያዝ። ዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ሲደርስ ብቻ የሚታሰብ ጥገና ዘወትር ዘግይቶ የሚደርስ ነው።

አምስተኛ፣ መኪና ሲገዛ ወይም በስጦታ ሲቀርብ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ቁልፉ ተከፍቶ ዳሽቦርዱ ይታይ። በዚያ ጊዜ ቢጫዪቱ የሞተር መብራት መብራት አለባት፤ ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ መጥፋት አለባት። ቁልፉ ሲከፈት ጨርሶ ካልበራች አንድም ተቃጥላለች፣ አንድም ሰው ሆነ ብሎ ነቅሏታል። ይህ ምርመራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከብዙ ጸጸት ግን ያድናል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወሳል። ይህ ውሳኔ በእጃችን ያሉትን ተሽከርካሪዎች በጥንቃቄ መያዝን ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት መኪኖችም የራሳቸው የማስጠንቀቂያ መብራቶች ስላሏቸው ልማዱ አብሮን የሚሻገር ነው።

ማጠቃለያ

ያች የደጋ አጥቢያ ሚኒባሷን ዛሬም ትጠቀምበታለች። ፕላስተሩ ተነሥቷል፤ በመሪው ጎን ደግሞ በክር የታሰረች ደብተር ተንጠልጥላለች። አረጋዊው ሊቀ መንበር ወደ መኪናው ሲገቡ ከሰላምታ ቀጥሎ ነጂውን የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ልጄ፣ ዛሬ የበራ አለ?»

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ተሽከርካሪ ላይ አሁን የበራ ወይም የተሸፈነ መብራት አለን? ከመቼ ጀምሮ?
2. ነጂያችን ጉድለትን የሚያሳውቀው ለማን ነው? ባለፈው ዓመት ያሳወቀው በጽሑፍ ይገኛልን?
3. ተሽከርካሪው ለአንድ ወር ቢቆም በአጥቢያችን የሚጎዳው ማን ነው?
4. ባለፉት ጥገናዎች የተለወጡት ዕቃዎች በምርመራ የተረጋገጡ ነበሩን ወይስ በግምት?